ደሴ ጽዳት ልገባ ነው፤ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ነባሮቹና ስለ ጡረታው የምታውቁ?

የሆጤዋ
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ዋላችሁ።

24 ዓመቴ ነው። 12ኛን ከጨረስኩ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። በመሀል ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ቡና አፍልቼ ሸጫለሁ፣ የሰው ልብስ አጥቤያለሁ። ሰው ግን ያንን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። አሁን ጽዳት ላይ ሁለት በር ተከፍቶልኛል። አንዱ የጎዳና ጠረጋ ነው፣ በኮንትራት። ሌላው ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስብ ማኅበር ነው፣ "አባል ሁኚ" ብለውኛል። እጄ ላይ የሚደርሰው ብር ያን ያህል አይራራቅም።

ግራ የገባኝ ሌላው ነው። የጠረጋው ፈረቃ ሌሊት 11 ሰዓት ይጀምራል አሉኝ። በዚያ ሰዓት ከሆጤ ተነስቶ እንዴት ነው የሚኬደው? ደግሞ "ነባሮቹ አዲስ ሰው ሲመጣ ይጫወቱበታል" ይሉኛል። ስለ ጡረታው የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነገረኝ። አንዱ አለው ይላል፣ አንዱ የለውም ይላል፣ ሌላው "ጡረታ ስትጠብቂ ትሞቻለሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

አክስቴም አብራኝ ልትገባ ትፈልጋለች። እሷ 52 ዓመቷ ነው።

የምታውቁትን ንገሩኝ፣ አላህ ይስጣችሁ።


ጦሳ_ጭጋግ
ሰኞ፣ ማታ 2፡25

ተከታይ ነኝ። የኔም ወንድም እዚያው ሊገባ እያሰበ ነው።


ብር_በእጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡41

እህቴ፣ እቅጩን ልንገርሽ። ዛሬ እጅሽ ላይ የሚበልጥ ብር የሚሰጥሽን ያዢ። ጡረታ 60 ዓመት ሲሞላሽ ነው። 36 ዓመት ይቀርሻል! የዛሬ 36 ዓመት እኮ ደርግ ነበር። ያኔ ሰው በወር 50 ብር ይቀጠር ነበር። 50 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? የሚቆረጥብሽን ዕቁብ ግቢበት።


የመጥረጊያ_እናት
ሰኞ፣ ማታ 3፡30

የሆጤዋ፣ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌያለሁ። ስለ ጡረታው ዕውቀት ያላቸው ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ሌሊቱ ልንገርሽ።

11 ሰዓት የሚሉሽ ፊርማው ነው። ከአልጋ የምትነሺው 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ባጃጅ በዚያ ሰዓት የለም፣ ቢኖርም የቀን ገቢሽን ነው የሚወስደው። እኛ ከሰፈር ሰፈር እየተጠራራን ነው የምንወርደው። ደውለን አናወራም፣ ሚስኮል ነው። አንዷ ሚስኮል ታደርጋለች፣ ሁለተኛዋ በር ላይ ትጠብቃለች፣ ፒያሳ ስንደርስ ስድስት ሰባት ሆነናል። ብቻዬን የሄድኩባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ። መጥረጊያሽን ዕቃ ቤት አታስቀምጪ፣ ቤትሽ ይዘሽው ግቢ። ለውሻም ለሰካራምም ይሆናል። ዳር ሰፈር ላይ ጅብም አለ፣ ግን ጅቡ ከሰካራሙ ይሻላል፣ ሲያይሽ ይሄዳል።

ብርዱን የደሴ ልጅ ስለሆንሽ አልነግርሽም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግን ጣትሽ መጥረጊያውን ይያዝ አይያዝ አታውቂውም። ከሚሰጡሽ ጓንት ሥር የሱፍ ጓንት ልበሺ። ክረምት ደግሞ ሌላ ነው። በለስ ሲገባ ልጣጩን መንገድ ላይ ይጥሉታል፣ እሾሁ በስስ ጓንት ያልፋል። ማታ ቤትሽ ገብተሽ በፋኖስ መርፌ ይዘሽ ስትለቅሚ ታመሺያለሽ።

ማክሰኞን ፍሪ። ሰኞ ገበያ የዋለበትን ቦታ ማክሰኞ ንጋት ላይ አይተሽው ታውቂያለሽ? ገረባው፣ የሸንኮራው አገዳ፣ የጎመኑ ቅጠል፣ ላስቲኩ፣ የአህያው ነገር። አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚመደበው እዚያ ነው። እኔም ስገባ እዚያ ነበርኩ። አራት ወር ሙሉ በየማክሰኞው አልቅሻለሁ።

ነባሮቹ ይጫወታሉ የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ሜዳውን አስፋልት ነባር ይይዛል። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ገበያውንና የመነኻሪያውን ዙሪያ አዲስ ገቢ ይይዛል። ይሄ ለኔ ጥፋት አይመስለኝም። 50 ዓመት የሞላት ሴት ጉልበቷ አልቆ፣ አንቺ የ24 ዓመቷ ሜዳ ላይ ብትጠርጊ ደስ ይልሻል? ተራ ነው። ሁለት ክረምት ካለፍሽ አንቺም ነባር ነሽ።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የምድቡን ወረቀት የያዘው ሰው ተራውን ሲሸጠው ነው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ጫት የምታመጣለትን ሜዳ ላይ፣ የማታመጣውን ዳገት ላይ የሚመድብ አለቃ ነበር። የሰባት ዓመት ነባር ገበያ ላይ ትጠርግ፣ የስድስት ወሯ አራዳ ላይ ቆማ ታወራ ነበር። ተሰብስበን ሄደን፣ የገባንበት ቀን በቅደም ተከተል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ አልን። ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ የምንጣላው ወረቀት እያየን ነው።


አወያይ
ሰኞ፣ ማታ 3፡44

ከአንድ አስተያየት ላይ የመሥሪያ ቤትና የሰው ስም አንስቻለሁ። ችግሩን ጻፉ፣ ስሙን ተዉት።


የቦርከና_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 4፡02

ሰላም ከኮምቦልቻ። እኔ ማኅበር ውስጥ ነኝ፣ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ አባልነት ልንገርሽ።

አባል ስትሆኚ ባለቤት ነሽ ይሉሻል። ደስ ይላል። ባለቤት ስትሆኚ ግን ጓንቱንም የምትገዢው አንቺ ነሽ። የጋሪው ጎማ ሲፈነዳ አንቺ ነሽ። ከየቤቱ የሚሰበሰበው ብር ሲያንስ የሚያንሰው ያንቺ ነው። ወር ሲደርስ የሚሰጥሽ ደመወዝ ሳይሆን ድርሻ ነው። ጥሩ ወር አለ፣ ባዶ ወር አለ። ጥሩው ወር ላይ ከመንግሥት ሠራተኛ በልጬ አውቃለሁ፣ አልዋሽም።

አምና ቆሻሻ የሞላ ማዳበሪያ ስሸከም የተሰበረ ጠርሙስ ጭኔን ከፈተው። 11 ስፌት ተሰፋሁ። ሕክምናውን ከኪሴ ከፈልኩ፣ የተኛሁበትን ሁለት ሳምንት ድርሻ አላገኘሁም። ማንን እከሳለሁ? ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ፈረቃው ግን ቀለል ይላል። ሰው ቤቱን የሚከፍትልሽ ነግቶ ስለሆነ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው የምንጀምረው። እኛ ጋ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ 6 ሰዓት ላይ የቆሻሻው ሽታ አያስቆምሽም። ደሴ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። የተጫነ ጋሪ ቁልቁለት ላይ አንቺ አትነጂውም፣ እሱ ነው የሚነዳሽ። ምንጊዜም ሁለት ሆናችሁ፣ አንዷ ከኋላ በገመድ ትያዝ።

በነገራችን ላይ የደሴ ልጆች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቦይ ውስጥ የምትገፉት ላስቲክ በቦርከና አድርጎ እኛ ጋ ይደርሳል። ሐረጎን በመኪና ከምትወርዱት ቀድሞ ነው የሚደርሰው። አካፋው አይከብድም፣ እባካችሁ አንሱት።


የመጥረጊያ_እናት
ሰኞ፣ ማታ 4፡09

@የቦርከና_ልጅ ሃሃሃ፣ እኛ አንገፋም፣ ዝናቡ ነው!


የቦርከና_ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 4፡11

እሺ እትዬ፣ ዝናቡን እንከሳለን።


ደብተር_ያዥ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

እኔ የምሠራው የሰው ኃይልና የደመወዝ ሥራ ነው፣ ከጽዳት ጋር ባይገናኝም። አንዱ አለው፣ አንዱ የለውም ያሉሽ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። መጥረጊያው አንድ ዓይነት ነው፣ ወረቀቱ ግን አራት ዓይነት ነው። ጎን ለጎን የሚጠርጉ ሁለት ሴቶች አንዷ ጡረታ ኖሯት ሌላዋ ላይኖራት ይችላል።

የመጀመሪያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ነው። ይሄ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ይገዛል፣ አሁን የሚሠራበት ቁጥር 1267/2014 ነው። አዋጁ የሚናገረው ስለ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት የሚሠራ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ ጡረታው ውስጥ የለም። ላንቺ የቀረበልሽ ይሄ ይመስለኛል።

ሦስተኛው በግል ድርጅት የሚቀጠር ነው። ጽዳቱን በጨረታ የወሰደ ድርጅት ወይም ማኅበሩ ራሱ በደመወዝ ከቀጠረሽ፣ የምትገዢው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1268/2014 ነው። እዚህ ኮንትራትም ይታቀፋል፣ ውሉ ከ45 ቀን ካላነሰ። ሰው የሚስተው ይሄንን ነው። "ኮንትራት ስለሆንሽ ጡረታ የለሽም" የሚለው አባባል የሚሠራው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ ለግል ድርጅት አይደለም።

አራተኛው የማኅበር አባል ነው። ድርሻ የሚከፋፈል እንጂ ደመወዝ የሚከፈለው ስላልሆነ፣ የሚቀነስለትም የሚጨመርለትም የለም። የቦርከና_ልጅ የነገረሽ ነው።

መዋጮው ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪሽ 11 በመቶ ነው። ለምሳሌ ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን፣ ከአንቺ 280 ይቀነሳል፣ ቀጣሪሽ 440 ይጨምራል፣ በወር 720 ብር በስምሽ ይገባል። @ብር_በእጅ፣ ዕቁብ ውስጥ ብትገባ 440ውን ማን ይጨምርላታል? ዕቁብተኞቹ?

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የምትተዳደሪ ከሆነ፣ መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሌሊት ስለሠራሽ ብቻ ጭማሪ የለም። ከመደበኛው በላይ ስትሠሪ ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። ነፍሰ ጡርን ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራት አይፈቀድም። የ11 ሰዓቱ ፊርማ እዚህ ውስጥ ይወድቃል፣ ያዢው።

ነባርነትም ሕጉ ውስጥ ቦታ አለው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛ ሲቀነስም ችሎታና ምርታማነት እኩል ከሆነ አገልግሎቱ አጭር የሆነው ቀድሞ ይነካል። ስለዚህ የገባሽበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ለምድብ ብቻ አይደለም የሚያስፈልግሽ።


ጦሳ_ጭጋግ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡51

ሴፍቲኔትስ? ወንድሜ እዚያ ሆኖ ሲጠርግ ነበር። አገልግሎት ይቆጠርለታል?


ደብተር_ያዥ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

አይቆጠርለትም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ከጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፣ ብዙ ሰው መጥረጊያ የያዘው በሱ ነው። ግን እሱ ቅጥር ሳይሆን ድጋፍ ነው። ከክፍያው 20 በመቶ በቁጠባ ይያዝ ነበር፤ ያ የራሱ ቁጠባ ነው እንጂ ጡረታ አይደለም። ሥራውን እንደሚያውቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ግን ይውሰድ፣ ለቅጥር ይጠቅመዋል።


ብር_በእጅ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

@ደብተር_ያዥ ወንድሜ ሒሳብህ ያምራል። ግን 10 ዓመት ካልሞላሽ ምንም የለም አይደል? ስንት ሰው ነው ጽዳት ላይ 10 ዓመት የሚቆየው? ወገቡ ይቀድመዋል። የሞተስ? የሞተ ሰው በባንክ ደብተር ምን ያደርጋል?


ጋሼ_ካቦ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ይሄንን የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

እኔ በቆሻሻ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ጀምሬ፣ ካቦ ሆኜ ነው በ2013 ጡረታ የወጣሁት። የኔ የተሠራው በፊተኛው፣ በ714/2003 አዋጅ ነው። 10 ዓመት የሞላው ሰው የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፣ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርለታል። እኔ 25 ዓመት ነበረኝ፣ 48.75 በመቶ ወጣልኝ። ግማሽ አልሞላም ማለት ነው። ብር በእጅ የተባልከው ልጄ ያልከው አንድ ነገር ልክ ነው፣ ኑሮው ቀድሞታል። በጡረታዬ ጤፍ አልገዛበትም። መብራት፣ ውሃና መድኃኒት ግን በሱ ነው። ልጆቼን አልለምንም። ይሄ ምን እንደሆነ በኔ ዕድሜ ሆነህ ነው የምታውቀው።

"የሞተስ?" ላልከው ልመልስልህ። መኪናው ላይ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። 17 ዓመት ሠርቶ በ48 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ቀሩ። እሱ ሊያገኘው ከነበረው አበል ለሚስቱ 50 በመቶ፣ ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ተወሰነላቸው፤ ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው። ትንሽ ነበር። ግን በየወሩ ይመጣ ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን ጥሎ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ጡረታው አልተነሳም።

የሆጤዋ፣ አንቺ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ወረቀትሽን ለማንም አትመኚ። በ2014 ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከተማችን ስትያዝ ምን እንደሆነ ታስታውሺዋለሽ። ሌላ ጓደኛዬ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ተመልሶ ሲሄድ የሠራበት ቢሮ በሩ ተሰብሮ፣ ፋይሉ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ግማሹ ተቃጥሎ አገኘው። 22 ዓመት የሠራ ሰው መሥራቱን አስረዳ ተባለ። የዳነው በምን መሰላችሁ? ሚስቱ የቅጥር ደብዳቤውንና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎቹን በላስቲክ ጠቅልላ ከልብስ ሳጥን ሥር አድርጋ ነበር። ያም ሆኖ ስምንት ወር ተመላለሰ።

የቅጥር ደብዳቤሽን ኮፒ አድርጊ። ምድብ ሲቀየር ደብዳቤ ጠይቂ። አሁን ደግሞ ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱት።


የመጥረጊያ_እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡58

ጋሼ እርስዎ ነዎት? ድምፅዎ እዚህ ጽሑፍ ላይ ተሰማኝ! ዕድሜ ይስጥልን።


ጋሼ_ካቦ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡03

አሜን። አንቺም አለሽ እንዴ እዚያው? የአይጠየፉን ቁልቁለት ተለቅቀሽ ይሆናል አሁን።


የመጥረጊያ_እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

አራዳ ነኝ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ። ነባር ሆንኩ።


የሆጤዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ሁለት ጊዜ። ጋሼ፣ አላህ ያክብርዎት።

አክስቴን ግን ማንም አላነሳትም። 52 ናት። 60 ሲሞላት ስምንት ዓመት ነው የሚሆናት። 10 አይሞላም። ታዲያ ለሷ ምኑ ነው?


ደብተር_ያዥ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ይቅርታ፣ አልፌው ነው። እንዳልሽው ነው። 60 ሲሞላት አገልግሎቷ 10 ዓመት ካልሞላ ወርኃዊ አበል የላትም። የሚሰጣት አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። 50 ካለፉ በኋላ የሚቀጠሩ ብዙ ሴቶች ይሄን ማንም አይነግራቸውም። ስምንት ዓመት ሙሉ 7 በመቶ እየተቀነሰ፣ ጡረተኛ እሆናለሁ እያሉ ይኖራሉ። ስንብቱ ቀን ነው የሚሰሙት።

ግን አንድ ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ደመወዝ የሚከፈልበት ቦታ ሠርታ ታውቃለች? ከቤት ሠራተኝነት ውጪ።


የሆጤዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከ2006 እስከ 2009 መሰለኝ። እናቷ ስትታመም ነው ትታው የመጣችው።


ደብተር_ያዥ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00

ይሄ ነው የምፈልገው! ከ2003ቱ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ወዲህ ስለሆነ፣ ፋብሪካው የጡረታ መዋጮ ሊቀንስላት ይገባ ነበር። ከተቀነሰና ገቢ ከተደረገ ያ ሦስት ዓመት አልሞተም። አገልግሎት ይደመራል። ከመንግሥት ወደ ግል፣ ከግል ወደ መንግሥት ብትዘዋወር እንኳ ይደመራል። ስምንት ሲደመር ሦስት 11። አሥሩን አለፈች ማለት ነው።

ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የድሮ የደመወዝ ወረቀት ካላት፣ እላዩ ላይ "ጡረታ" የሚል ተቀናሽ መኖሩን። ሌላው የጡረታ መለያ ቁጥሯን። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሰው ሥራ ሲቀይር አዲስ ማውጣት የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አዲስ ቦታ ሲገባ "የለኝም" ይላል፣ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በኋላ ሁለቱን ማገናኘት መከራ ይሆናል።

እዚህ ላይ መሠረታዊው ነገር አዲሱ ሥራዋም ጡረታ ያለው መሆኑ ነው። በመንግሥት ቢሮ ኮንትራት ከገባች፣ ወይም የማኅበር አባል ከሆነች፣ የሚደመረው ስምንቱ የለም።


የቦርከና_ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡20

ተቀንሶ ገቢ ያልተደረገም አለ፣ እሱንም ጠይቁ። የማውቃቸው ሰዎች ላይ ደርሷል። ወረቀቱ ላይ ተቀንሷል፣ መዝገቡ ላይ የለም።


የመጥረጊያ_እናት
ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

በዓል ሳልነግርሽ ላልፍ ነበር። እኛ ጋ ደስ የሚለው ይሄ ነው። ለዒድና ለአረፋ ክርስቲያኖቹ ይወጣሉ፣ ለገናና ለፋሲካ እኛ እንወጣለን። ረመዳን ላይ ደግሞ ሱሁር በልተን ስለምንወጣ የሌሊቱን እኛ እንወስዳለን፣ ቀትር ላይ ፆሙ ሲከብደን እነሱ ይተኩናል። ማንም አላዘዘንም። ከባዱ የግሸን ሰሞን ነው፤ መስከረም 21 ሊደርስ ሲል መንገደኛው ከየአገሩ በከተማው ያልፋል፣ መነኻሪያው ዙሪያ አይጠረግም አይባልም። እሱን ሁላችንም ነን።


ደብተር_ያዥ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡05

የሚያምር ነገር ነው። ብቻ ፊርማውን አብራችሁ ቀይሩ። የበዓሉ ክፍያ የሚሄደው ለፈረመው ነው። አንዷ ፈርማ ሌላዋ ሠርታ፣ መንገድ ላይ መኪና ቢገጫት፣ በወረቀቱ መሠረት ሥራ ላይ አልነበረችም።


የመጥረጊያ_እናት
ረቡዕ፣ ቀን 9፡12

ወይ ጉድ። ይሄን አስበነው አናውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ።


ብር_በእጅ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

እሺ፣ የጋሼን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። አባቴ ፋብሪካ ሠርቶ ነው የሞተው፣ እኔ 12 ዓመቴ ነበር። ለኛ ምንም አልመጣም። ምናልባት ሕጉ ስላልነበረ ይሆናል፣ ምናልባት የጠየቀልን ሰው ስላልነበረ። ለዚህ ነው ጡረታ ሲባል የማላምነው። ስድብ አይደለም።


ጋሼ_ካቦ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡35

ነፍስ ይማር ልጄ። ስድብ አላልኩህም።


የሆጤዋ
ዓርብ፣ ማታ 2፡20

ተመለስኩ። ሦስት ቀን ስዞር ነበር።

መጀመሪያ የጠረጋውን ውል አነበብኩት። ለአንድ ዓመት ነው፣ የሚታደስ፣ ቀጣሪው የመንግሥት ቢሮ ነው። ስለ ጡረታ አንድ ቃል የለውም። ጠየቅኩ። የተቀበለችኝ ሴትዮ ደግ ናት፣ "ኮንትራት ነሽ እህቴ፣ የለውም፣ ቋሚ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ልምድ ያለው ይቀድማል" አለችኝ። ደብተር_ያዥ ያልከው ቃል በቃል።

ከዚያ ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። አባል መሆን ካልፈለግኩ በደመወዝ ይቀጥሩኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሰብሳቢው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ጋሪ የሚገፉ ሁለት ሰዎች በደመወዝ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። 7 በመቶውንና 11 በመቶውን ሳነሳ ፊቱ ተለወጠ። "ማን ነው የነገረሽ?" አለኝ። ኢንተርኔት አልኩት። "እስቲ እናስብበት" አለ። ትናንት ደውሎ ለአንድ ሰው እንችላለን አለ፣ ለሁለት ግን አቅም የለንም።

አክስቴ ደግሞ ሌሊት ሙሉ ሳጥኗን ስትገለብጥ አደረች። ከኒካዋ ወረቀት ጋር ጠቅልላ ሁለት የደመወዝ ወረቀት አገኘች። አንዱ ላይ "ጡረታ 7%" ይላል። የመለያ ቁጥሩም አለ፣ ቀለሙ ለቋል ግን ይነበባል። ፎቶ አንስቼዋለሁ ጋሼ።

እናም ተነጋገርን። የማኅበሩን ቅጥር አክስቴ ትውሰድ አልን። እሷ ናት ዓመቱ የሚያንሳት፣ እኔ ጊዜ አለኝ። ጋሪውን ከኋላ በገመድ የምትይዘው እሷ እንድትሆን፣ ፊት የሚገፋው ወጣት እንዲሆን ሰብሳቢው ቃል ሰጥቷል። እኔ ጠረጋውን ጀምሬ ቋሚ ማስታወቂያ እጠብቃለሁ።


ደብተር_ያዥ
ዓርብ፣ ማታ 2፡33

አክስትሽ ሥራ ስትጀምር ያንኑ ቁጥር ይስጧቸው፣ አዲስ እንዳያወጡላት። ሦስቱም ዓመት ገቢ መደረጉን ደግሞ ከመዝገቡ ታጣራ፣ የቦርከና_ልጅ ያለው ቀልድ አይደለም። አሁን ካልሆነ በስምንተኛው ዓመት ፋብሪካው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ያንቺ ውል ሲታደስ ደግሞ የአሮጌውን ኮፒ አትጣይ።


ብር_በእጅ
ዓርብ፣ ማታ 2፡40

በርቺ እህቴ። ዕቁቡንም ግን ግቢ።


የመጥረጊያ_እናት
ዓርብ፣ ማታ 2፡47

መቼ ነው የምትጀምሪው? የት መደቡሽ?


የሆጤዋ
ዓርብ፣ ማታ 2፡50

ማክሰኞ። ሰኞ ገበያ።


የመጥረጊያ_እናት
ዓርብ፣ ማታ 2፡52

ሃሃሃሃ። አብሽሪ ልጄ። የሱፍ ጓንቱን እንዳትረሺ። 10 ሰዓት ላይ ሚስኮል አደርግልሻለሁ፣ በሩ ላይ ጠብቂኝ፣ በአንቺ በኩል ዞሬ አመጣለሁ።